ጀፐ ምንድን ነው?

በአማርኛ «ዳዊት ይደግማል» ስንል «መድገም» ሁለት ነገር አንድ ላይ ይይዛል፤ ጸሎት ማድረስና ያንኑ መላልሶ ማለት። የሂንዱዎች ጀፐም እንዲሁ ነው። ቃሉ በጥንቱ የህንድ ቋንቋ በሳንስክሪት በለሆሳስ ማነብነብ ማለት ሲሆን፣ ተግባሩ አንድን ማንትራ፣ ማለትም አጭር ቅዱስ ቃል፣ በቁጥርና በሥርዓት መድገም ነው። ማንትራ ማሰብን ከሚገልጽ ሥርና መሣሪያን ከሚያመለክት ቅጥያ የተገኘ ቃል ስለሆነ «የማሰቢያ መሣሪያ» እንደ ማለት ነው። «ድግምት» ከዚሁ ከ«ደገመ» ስለሚወጣ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው አይጠፋም። በየቤቱ የሚደረገው ጀፐ ግን ጸሎት ነው፤ ባገቨድ ጊታ በተባለው የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ ምዕራፍ 10 አምላኩ ክሪሽና «ከመሥዋዕቶች ሁሉ እኔ ጀፐ ነኝ» ይላል።

በብዛት ከሚደገሙት አንዱን እንውሰድ፦ «ኦም ነመህ ሺቫየ»፤ ለአምላኩ ለሺቫ ስግደት ይሁን። ምንጩ ቬዳ ከሚባሉት ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ በሆነው በየጁር ቬዳ ውስጥ ያለው የሽሪ ሩድረም ጸሎት ነው። ኦምን ሳይጨምር አምስት ቀለም (ነ-መህ-ሺ-ቫ-የ) ስላለው «ባለ አምስት ቀለም» ይባላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አጭሩም ረጅሙም አናባቢ በአንድ ፊደል ስለሚወከል፣ ከኢንተርኔት የለመደ ሰው «ናማሃ ሺቫያ» እያለ ሁሉንም እኩል ይጎትተዋል። የእኛ ፊደል እዚህ ላይ ይሻላል። የሳንስክሪቱ አጭር አናባቢ ለግዕዙ ድምፅ፣ ረጅሙ ለራብዑ ይቀርባል፤ ስለዚህ «ነ»፣ «መ» እና «የ» አጭር ናቸው፤ የሚረዝመው «ቫ» ብቻ ነው። ከ«መ» በኋላ ያለው «ህ» ቀለል ያለ እስትንፋስ እንጂ «ሃ» አይደለም። ለአማርኛ ተናጋሪ የሚከብዱት እንደ «ብህ» እና «ድህ» ያሉ ከእስትንፋስ ጋር የሚወጡ ተነባቢዎች ናቸው። እነዚህን ብቻቸውን አሥርና ሃያ ጊዜ መለማመድ ያስፈልጋል።

ይህን ያህል ስለ ድምፅ የሚጨነቁት ያለ ምክንያት አይደለም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «ገና አልመጣም» የምንለው፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ይሆናል። በቬዳው ንባብም ከፍ፣ ዝቅና ወረድ የሚሉ ሦስት የቃና ምልክቶች አሉ፤ ትርጉምን ይለውጣሉ። የጥንቱ ትረካ እንደሚለው ትቫሽትሪ የተባለው አምላክ የአማልክት ንጉሥ የሆነውን የኢንድራን ገዳይ ለማስነሣት በመሥዋዕቱ ላይ «ኢንድረሸትሩ» ብሎ ሲጠራ ቃናውን ሳተ። ቃሉም «ኢንድራን የሚገድል» መሆኑ ቀርቶ «ኢንድራ የሚገድለው» ሆነ፤ የተነሣው ቭሪትራ በኢንድራ እጅ ወደቀ። የቬዳ ማንትራ ከመምህር አፍ ተሰምቶ እንጂ ከወረቀት ብቻ አይያዝም የሚባለው ለዚህ ነው። ጋየትሪ የተባለው ማንትራም እንዲሁ ነው። በሪግ ቬዳ 3.62.10 የሚገኘው ይህ ጸሎት እያንዳንዳቸው 8 ቀለም ያላቸው ሦስት ስንኞች ሊኖሩት ሲገባ፣ እንደተጻፈው ሲቆጠር 23 ቀለም ብቻ ይገኝበታል። 24 የሚሞላው «ቨሬንየም» የሚለው ቃል «ቨሬኒየም» ተብሎ ሲቆጠር ነው።

ቆጠራው የሚያዘው ማላ በተባለ መቁጠሪያ ነው። 108 ፍሬዎችና ከእነሱ ውጪ ሜሩ የተባለ አንድ ራስ ፍሬ አሉት። የሺቫ አማኞች ሩድራክሸ ከተባለ ዛፍ ፍሬ የሚገኘውን ሸካራ ድንጋይ፣ የቪሽኑና የክሪሽና አማኞች ደግሞ የበሶብላ ዘመድ ከሆነችው ቱልሲ እንጨት የተሠራውን ይመርጣሉ። ማላው በቀኝ እጅ መሐል ጣት ላይ ይንጠለጠልና አውራ ጣት በእያንዳንዱ ማንትራ አንድ ፍሬ ወደ ራስ ይስባል። አመልካች ጣት አይነካውም፤ የእኔነት ጣት ነው ይባላልና። ዙሩ አልቆ ሜሩ ላይ ሲደረስ አይታለፍም፤ ማላው ይገለበጥና የመጨረሻው ፍሬ የቀጣዩ ዙር መጀመሪያ ይሆናል። ይህች መገልበጥ ለጀማሪ ታስቸግራለች፤ ባዶ እጅን ማስገባት ሳያስፈልግ በዚያው በቀኝ እጅ ማዞርን አስቀድሞ መልመድ ይጠቅማል። ማላ መሬት ላይ አይጣልም።

ሰዓቱ ቢቻል ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ነው። ብራህመ ሙሁርተ የሚሉት ጊዜ ፀሐይ ከመውጣቷ 96 ደቂቃ ቀድሞ ይጀምርና 48 ደቂቃ ይቆያል። ፀሐይ ልክ 12 ሰዓት ላይ የምትወጣ ከሆነ ከሌሊቱ 10:24 እስከ 11:12 ማለት ነው። ሰውየው ታጥቦ፣ ከወለሉ በሚለየው ምንጣፍ ላይ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ሰሜን ዞሮ፣ ጀርባውን አቅንቶ ይቀመጣል። አንድ «ኦም ነመህ ሺቫየ» ሳይቸኩሉ ሲባል ሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚወስድ አንድ ዙር አምስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። በሁለት ደቂቃ የጨረሰ ሰው ቀለም እየዋጠ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋውም የመጨረሻው «የ» ነው።

የመድገሙ ስልት ሦስት ነው፦ ድምፅ አውጥቶ፣ ከንፈር ብቻ እያንቀሳቀሱ፣ በልብ ብቻ። የማኑ ሕግ የተባለው ጥንታዊ የሂንዱ ሕግ መጽሐፍ ጀፐ ከመሥዋዕት ሥርዓት በ10 እጥፍ፣ በለሆሳስ የተባለው በ100፣ በልብ የተባለው በ1,000 እጥፍ ይበልጣል ይላል። ጀማሪዎች ይህን ሰምተው ወዲያው ወደ ልቡ ይዘላሉ፤ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። በልብ ሲባል የሚይዘን ድምፅ ስለሌለ ሐሳብ ገበያ ይወጣል፣ ጣት ግን ፍሬውን መሳቡን ይቀጥላል። 40 ፍሬ አልፎ ማንትራው አንድም ጊዜ አልተባለም። ያኔ ወደ ለሆሳሱ፣ እንቅልፍ ከመጣ ደግሞ ወደ ድምፁ መመለስ ነው። ከ108ቱ 100 ብቻ የሚቆጠረውና 8ቱ ለስህተት የሚተወው ለዚህ ዓይነቱ መዘንጋት ነው።

እንደ ሃሬ ክሪሽና ያሉ የስም ማንትራዎች ለማንም ክፍት ናቸው። በ1966 ኒው ዮርክ በተመሠረተው የክሪሽና እንቅስቃሴ ዲክሻ የተባለውን የመግቢያ ሥርዓት የተቀበሉ አማኞች በቀን 16 ዙር፣ ማለትም 1,728 ጊዜ ይደግማሉ። «ሕሪም»ን የመሰሉ «ዘር» የሚባሉ ባለ አንድ ቀለም ድምፆች ያሉባቸውን ማንትራዎች ግን ከጉሩ፣ ከመንፈሳዊ መምህር፣ መቀበል ያስፈልጋል። ጉሩው ለደቀ መዝሙሩ ፑረሽቸረነ የተባለውን ረጅም ሥርዓት ሊያዝዘውም ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም 100,000 ጊዜ መድገም ነው። ባለ አምስት ቀለሙ 500,000 ይሆናል። በቀን 10 ዙር፣ 1,000 ተብሎ እየተቆጠረ፣ 500 ቀን ይፈጃል። ከዚያ የቁጥሩ አንድ አሥረኛ በእሳት መሥዋዕት ይቀርባል። በዚህ ሁሉ የቀኑ መጠን ከቀን ቀን አይለዋወጥም፤ ዛሬ 30 ዙር፣ ነገ ምንም የሚል ሰው ቁጥሩን ቢደርስበትም ሥርዓቱን አልፈጸመም።

የዕለቱ ዙር ሲያልቅ ማላው ወደ ከረጢቱ ይመለሳል። ሰውየው ግን ወዲያው አይነሣም፤ የደገመውን ለአምላኩ አስረክቦ ጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጣል።