ስፖርት ሴዳን ምንድን ነው?

«ስፖርት ሴዳን አራት በር ያለው የእሽቅድምድም መኪና ነው፤ ከዜሮ እስከ መቶ በስንት ሴኮንድ እንደሚደርስ ብቻ ንገሩኝ» የሚል አስተያየት ሰሞኑን ደግሜ አነበብኩ። ጸሐፊው አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ከትራፊክ መብራት ሲነሣ ቢኤምደብልዩ ኤም 5 የተባለውን ስፖርት ሴዳን (ሴዳን ማለት አራት በርና ለብቻው የተለየ የሻንጣ ቦታ ያለው የቤት መኪና ነው) ሲቀድም በማየቱ «የስፖርት ሴዳን ዘመን አከተመ» ሲል ደምድሟል። ይህ ሰጋር በቅሎን ጉግስ ሜዳ አውጥቶ ከፈረስ ጋር እንደማወዳደር ነው።

ሰጋር በቅሎ የምትከበረው በግልቢያዋ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ፈጥና ትሰግራለች፤ የተቀመጠባት ሰው ሲወርድ ግን ወገቡን አይዝም። የዘር ሐረጓም ከሁለት ወገን ነው፤ የኤም 5ም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የመጀመሪያው ኤም 5 አካሉን «5 ሲሪየስ» ከሚባለው ተራ የቢኤምደብልዩ ሴዳን ወሰደ፤ 3.5 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩ ደግሞ ኤም 1 ከተባለው የስፖርት መኪና የተወለደ ነበር። ጉልበቱ 286 ፈረስ ነው። (ይህ ቁጥር በባሕር ጠለል አካባቢ ላለ አየር ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው በአዲስ አበባ ከፍታ፣ አየር ጨምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል።)

አስተያየት ሰጪው የሳተው ዋና ነገር መኪናው ለምን እንደተሠራ ነው። አውቶባን በተባለው የጀርመን ፈጣን መንገድ ላይ የፍጥነት ገደብ የሌለባቸው ረጃጅም ክፍሎች አሉ። እዚያ ቁም ነገሩ ከቆሙበት መነሣት አይደለም፤ አራት ሰው ከነሻንጣው ጭኖ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ መሪው ሳይባዝን፣ ወሬ ሳይቋረጥ መሄድ፣ ድንገት ከፊት መኪና ሲገባም መቆም መቻል ነው። ከ200 ለመቆም ፍሬኑ የሚውጠው ሙቀት ከ100 ለመቆም ከሚውጠው አራት እጥፍ ነው። ይህን የትኛውም የሴኮንድ ሰንጠረዥ አያሳይም።

መርሴዲስ 500 ኢ የተባለውን ስፖርት ሴዳን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሲቀርብ ባለ 5 ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር (ቪ8) ሞተሩ 326 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የጎማ መሸፈኛው (ፓራፋንጎው) ለሰፊ ጎማ ሲባል ስለሰፋ በመርሴዲስ የራሱ የማምረቻ መስመር አላልፍ አለ፤ ሌላው የጀርመን መኪና ሠሪ ፖርሽ ነው በዙፈንሃውዘን ፋብሪካው የገጣጠመው። ሆኖም ከሩቅ ያየው ሰው ተራ ሴዳን ነው የሚለው። የዚህ መኪና ፍቅር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጉልበቱን ይዞ ዝም ይላል፣ ሲጠየቅ ብቻ ይሰጣል።

እኔ የምሠራው የመኪና እግር ላይ፣ ማለትም ጎማና ሱስፔንሽን ላይ ስለሆነ ይህንንም ልጨምር፦ ጎማው ርካሽ፣ የሱስፔንሽን ጎሚኒው (ንዝረት የሚውጠው ላስቲክ) ያለቀ ከሆነ፣ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ምንም ቢሆን የተገለጸው ምቾትና መረጋጋት የለም። ሞተሩን ብቻ አሳይቶ የሚሸጥ ሰው ግማሹን መኪና ነው ያሳያችሁ።

መከራከር ከተፈለገ በክብደቱ እንከራከር። የመጀመሪያው ኤም 5 ከ1,500 ኪሎ ግራም በታች ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ዲቃላ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሠራ) ኤም 5፣ 727 የፈረስ ጉልበት ቢኖረውም ከ2,400 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ያን ሁሉ ጭማሪ የሚሸከሙት ጎማው፣ ፍሬኑና ሾክ አብዞርበሩ ናቸው።