«ቴምዝን አያነድም»፦ የወንዙና የወንፊቱ ነገር

እንግሊዞች ስለ አንድ ሰው «እሱ እንኳ ቴምዝን አያነድም» ካሉ ሰውየው ክፉ ነው ማለታቸው አይደለም። ጉድ የሚያሰኝ ሥራ አይጠበቅበትም ማለታቸው ነው። እኛ «ምን ተአምር ሊሠራ ነው?» እንደምንለው መሆኑ ነው።

ቴምዝ ለንደንን ሰንጥቆ የሚያልፈው ወንዝ ነው። ወንዝ ደግሞ እሳት ያጠፋል እንጂ አይነድም። ነገሩ ይኸው ነበር። ግን ብዙ ሰው የሚወደው ሌላ ማብራሪያ አለ። በድሮ እንግሊዝኛ «ቴምስ» የሚባል የዱቄት ወንፊት ነበር። ታታሪ ሠራተኛ ወንፊቱን በርሜል አፍ ላይ ቶሎ ቶሎ ሲያመላልሰው እንጨት ከእንጨት ተፋትጎ እሳት ይነሳል ይባላል። ሰነፍ ግን ወንፊቱን አያነድም። በኋላ የወንፊቱ ስም ተረሳና ወንዙ ተተካ ይላሉ።

ታሪኩ ደስ ይላል፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው አምኜው ነበር። ግን ዱቄት ሲነፋ እያየ ያደገ ሰው ትንሽ ቢያስብበት ይጠረጥራል። ወንፊት ቀኑን ሙሉ ቢነፉበት የት እሳት ያነሳል? ደግሞም ጀርመኖች ይህንኑ አባባል በራይን ወንዝ ይሉታል፤ የራይን ስም ከወንፊት ጋር ምንም አያገናኘውም። የወንፊቱ ማብራሪያ በጽሑፍ ብቅ ያለውም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አባባሉ ግን ከዚያ በፊት፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በወንዙ ስም ይነገር ነበር።

ታዲያ ለምን ቴምዝ? መልሱን ድሮ መዛግብትና ካርታዎች ላይ ማየት ይቻላል ብዬ አምናለሁ። በ1215 እ.ኤ.አ. የወጣው ማግና ካርታ የተባለው የእንግሊዝ የመብት ሰነድ በ33ኛው አንቀጹ ዓሣ ማጥመጃ አጥሮች ከቴምዝ፣ ከሜድዌይና ከመላው እንግሊዝ ወንዞች ይነሱ ይላል። አጥሮቹ የጀልባ መንገድ ይዘጉ ነበርና። ኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለው የጎፍ ካርታ ደግሞ በብራና ላይ የተሠራ የመካከለኛው ዘመን የብሪታንያ ካርታ ነው። ምሥራቅን ከላይ አድርጎ፣ ወንዞቹን በወፍራሙ አረንጓዴ ቀብቶ ያሳያል። እህሉም ሱፉም በጀልባ በሚሄድበት ዘመን ወንዝ ትልቁ መንገድ ነበር። ቴምዝን የማያውቅ እንግሊዛዊ ከየት ይገኛል?

ስሙም ጥንታዊ ነው። ዩልየስ ቄሣር «ታሜሲስ» ብሎታል፣ የጥንት እንግሊዞች «ቴሜሴ»፣ ማግና ካርታ «ታሚሲያ»። ዛሬ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ (Thames) ውስጥ የምትታየውና የማትነበበው «ኤች» ሊቃውንት በኋላ የጨመሯት ናት። ድምፁ ሁልጊዜም «ት» ነበር፤ ወንዙና ወንፊቱ ጆሮ ላይ የተቀላቀሉት ለዚህ ነው።