ስለ ግላኮማ «ትንሿ ቀዶ ሕክምና» የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ዳር በምትገኝ አነስተኛ የዓይን ክሊኒክ በኦፕቶሜትሪስትነት እሠራለሁ። ባለፈው ጥር አንድ አዛውንትን ልጃቸው እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። ያመጣቸው ዓይናቸውን አሟቸው ሳይሆን፣ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ከግራ በኩል የመጣች ባጃጅ ለጥቂት ስለሳተቻቸው ነው። «ልጄ፣ ፊት ለፊቴን እኮ አጥርቼ አያለሁ፤ ባጃጇ ናት ከየት ብቅ እንደምትል የማትታወቀኝ» አሉኝ። የግራ ዓይናቸው ግፊት 34፣ የቀኙ 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሆኖ ተገኘ፤ የግራው ነርቭም አብዛኛው ክፍሉ ተጎድቶ ነበር። የዓይን ስፔሻሊስት አይቷቸው ግላኮማ መሆኑ ከተረጋገጠና የቀዶ ሕክምና ነገር ከተነሣ በኋላ አባትና ልጅ የሰነዘሯቸው ሐሳቦች ከብዙ ታካሚዎች የምሰማቸው ስለሆኑ፣ እዚህ አንድ በአንድ አነሣቸዋለሁ።

አስቀድሞ ቀዶ ሕክምናው ምን እንደሆነ ላስረዳ። በዓይን ውስጥ፣ ከእንባ ፈጽሞ የተለየ፣ ያለማቋረጥ የሚመነጭ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ። ይህ ፈሳሽ ኮርኒያ (ጥርት ያለው የዓይን የፊት ሽፋን) ከአይሪስ (ቀለም ካለው የዓይን ክፍል) ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ባለ ወንፊት መሰል ክፍል አልፎ፣ የሽሌም ቦይ ወደሚባል ቀጭን መተላለፊያ ይገባና በመጨረሻ ከደም ሥር ይቀላቀላል። ወንፊቱ ሲደፈን ግፊቱ ይጨምራል፤ የዓይን ነርቭም ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ግላኮማ የሚባለው በሽታ ይህ የነርቭ መሞት ነው። ከእ.ኤ.አ. 1968 ጀምሮ በሚታወቀው ትራቤኩሌክቶሚ በተሰኘው ቀዶ ሕክምና፣ ሐኪሙ በዓይን ነጭ ክፍል ላይ ለፈሳሹ አዲስ መውጫ ያበጃል፤ «ትልቁ ቀዶ ሕክምና» የምለው ይህንን ነው። «ትንሿ ቀዶ ሕክምና» የምለው፣ ሐኪሞች በአጭሩ «ሚግስ» የሚሉት አዲሱ ዘዴ ግን አብዛኛውን ጊዜ በኮርኒያ ጠርዝ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነች ቀዳዳ ገብቶ የዓይንን የራሱን ማስወገጃ መልሶ ይከፍታል። ይህም 1 ሚሊ ሜትር የምታህል የታይታኒየም ቱቦ ወንፊቱ ውስጥ በመትከል፣ ወንፊቱን በረቂቅ ስለት በማንሣት ወይም በቦዩ ዙሪያ ክር አዙሮ በመሳብ ይከናወናል።

«የግፊት ኪኒን እየዋጥኩ ነው፤ ሌላ ሕክምና አያስፈልገኝም»

ይህ ስሕተት በከፊል የቋንቋችን ጉዳይ ነው። የደም ግፊትም የዓይን ግፊትም «ግፊት» ይባላሉ፤ የሚለኩትም በአንድ መለኪያ ነው። ይሁን እንጂ የዓይን ግፊት ማለት በዓይን ውስጥ ያለው የዚያ ጥርት ያለ ፈሳሽ ግፊት ሲሆን፣ የተለመደው መጠን ከ10 እስከ 21 ነው። የደም ግፊቱ በኪኒን 120 በ80 የሆነለት ሰው የዓይኑ ግፊት 30 ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ ግፊታቸው ከ21 ሳያልፍ ነርቫቸው የሚጎዳ ሰዎች ስላሉ፣ ነርቩ ሳይታይ በቁጥሩ ብቻ «ደህና ነዎት» ማለት አይቻልም።

«ሞራው ይብሰልና እናሠራዋለን»

ልጅየው ያለው ይህንን ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉም የባሰ ጉዳት የሚያደርሰውም ይኸው አመለካከት ነው። አመጣጡ ግን የሚገባ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ሲሆን፣ የግላኮማ ድርሻ 5.2 በመቶ ነበር። በየቤቱ ሞራ ተገፎለት ያየ አያት ወይም ጎረቤት ስላለ፣ በዕድሜ የደከመ ዓይን ሁሉ ሞራ ይመስለናል፤ ሞራ ደግሞ ቢዘገይም አብዛኛውን ጊዜ ይገፈፋል። ግላኮማ የሚገፈፍ ነገር የለውም። የሞተ የነርቭ ክር በየትኛውም ቀዶ ሕክምና ስለማይመለስ፣ የተጠበቀው ወር ሁሉ ከቀረው እይታ ላይ የሚቀነስ ነው።

ትንሿን ቀዶ ሕክምና በተመለከተ ደግሞ መዘግየት ሌላ ዋጋ ያስከፍላል። ፈሳሹ በመጨረሻ የሚፈስሰው ወደ ደም ሥር ስለሆነ፣ ወንፊቱ ምንም ያህል ቢከፈት የዓይን ግፊት ከደም ሥሩ የራሱ ግፊት፣ ማለትም ከ8 እስከ 10 ከሚደርሰው፣ በታች ሊወርድ አይችልም፤ በተግባር ብዙ ጊዜ 15 አካባቢ ላይ ይቆማል። ነርቩ ገና በመጠኑ ብቻ ለተጎዳ ሰው ይህ ሊበቃ ይችላል። ጥቂት ክር ብቻ ለቀረው ሰው ግን ግፊቱ ከዚያ እጅግ ዝቅ እንዲል ስለሚፈለግ፣ ሐኪሙ ወደ ትልቁ ቀዶ ሕክምና ለመሄድ ይገደዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የመጀመሪያዋን ጥቃቅን ቱቦ የፈቀደውም ለቀላልና መካከለኛ ደረጃ ግላኮማ፣ ያውም ከሞራ ቀዶ ሕክምና ጋር አብራ እንድትተከል ነበር። እንግዲህ ትልቁን ቢላ ፈርቶ ቀጠሮ የሚያራዝም ሰው ሳያውቀው የሚያራዝመው ወደዚያው ወደ ትልቁ ቢላ ነው።

«ዓይን ከጉድጓዱ ወጥቶ ታጥቦ ይመለሳል»

በፍጹም አይወጣም። ዓይን ከነነርቩ ወጥቶ መልሶ ማየት የሚችልበት ቀዶ ሕክምና የለም። አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣው ጠብታ ወይም በዓይን ዙሪያ የሚሰጥ መርፌ ሲሆን፣ ታካሚው ነቅቶ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገራል።

«ከተሠራ በኋላ እይታ ይጠራል»

ይህ ወሬ የመጣው ሁለቱ ሕክምናዎች በአንድ ላይ ስለሚሠሩ ይመስለኛል። ሞራውም ወጥቶ ቱቦውም ከተተከለ በኋላ ታካሚው «ዓይኔ በራልኝ» ይላል፤ ያበራለት ግን የሞራው መውጣት ነው። ሞራ የሌለበት ሰው ብቻውን ሚግስ ቢሠራለት የሚያገኘው ጥቅም የቀረው እይታ እንዳይሄድበት ነው፤ ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ሐኪሙ ያበላሸበት ይመስለዋል። ለዚህ ነው ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚደረገው ውይይት ረዘም ማለት ያለበት።

«ጠብታው ከዚያ ወዲያ ይቀራል»

የዓይን ግፊት መቀነሻው ጠብታ ለአንዳንዶች ይቀራል፤ ለብዙዎች ይቀንሳል። ግፊቱ ከዓመታት በኋላም መልሶ ሊጨምር ስለሚችል ክትትሉ ግን የዕድሜ ልክ ነው። ጠበል የሚጠመቁ እናቶች ጠብታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘው ሲመጡ ደስ ይለኛል፤ ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉና። የሚያስፈራኝ ሌላ ጠብታ ነው። ለማሳከክና ለመቅላት ተብሎ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዛው ዴክሳሜታዞን ለሳምንታትና ለወራት ሲጨመር በብዙ ሰዎች ላይ የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ በልጆችም ላይ ጭምር። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የሚታዘዘው ጠብታም ብዙ ጊዜ የዚሁ ዘር ስለሆነ፣ «ተስማማኝ» ብሎ ከታዘዘው ጊዜ በላይ መቀጠል አይገባም።

«ትንሽ ናትና አደጋ የላትም»

ትንሽ የተባለው ቁስሉ ነው። በአንጻሩ ቦዩ ሲከፈት ደም ወደ ዓይን ፊተኛ ክፍል መግባቱ የተለመደ ሲሆን፣ እይታ ለጥቂት ቀናት ሊደበዝዝ ይችላል፤ ታካሚውም ራሱን ከፍ አድርጎ እንዲተኛ ይመከራል። ዘዴው አዲስ መሆኑም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሳይፓስ የተባለው ጥቃቅን ቱቦ ከተፈቀደ በኋላ፣ በአምስት ዓመት ክትትል የኮርኒያ ሕዋሳትን እንደሚቀንስ በመታየቱ እ.ኤ.አ. በ2018 አምራቹ ራሱ ከዓለም ገበያ አውጥቶታል። ስለዚህ «የትኛው ቱቦ ነው? ስንት ዓመት ክትትል ተደርጎበታል?» ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

«ሌዘር ማለት ነው»

አይደለም። ሌዘር ቀዳዳ ሳይከፈት ከውጭ የሚሰጥ ሕክምና ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነ ማስረጃም አለው፦ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነው የታንዛኒያ ጥናት ሌዘሩ ከአንድ ዓመት በኋላ 61 በመቶ በሚሆኑት ዓይኖች ሲሳካ፣ ቲሞሎል የተባለው የዓይን ግፊት መቀነሻ ጠብታ የተሳካው በ31 በመቶው ነው። እንዲያውም ለብዙ ሰው ከሚግስ በፊት ሊታሰብ የሚገባው እርሱ ነው።

«ለሀብታም ብቻ የሆነ ነገር ነው»

የሚተከሉት ቱቦዎች በእርግጥ ውድ ናቸው። ነገር ግን ከላይ የጠቀስኩት ቦዩን በክር የመክፈት ዘዴ በዓይን ውስጥ የሚተወው ምንም ዕቃ የለም፤ ክሩም ተራ የቀዶ ሕክምና ክር ሊሆን ይችላል። ዋናው የሚፈልገው የሠለጠነ እጅና ያንን ጠባብ ማዕዘን የሚያሳይ ልዩ ሌንስ ነው። ማዕዘኑ የተዘጋ ዓይን ግን ለዚህ አይመችምና አስቀድሞ በዚያው ሌንስ መታየት አለበት።

አዛውንቱ የግራ ዓይናቸውን ትልቁን ቀዶ ሕክምና፣ የቀኙን ደግሞ ከጀማሪ ሞራው ጋር ትንሿን ተደርጎላቸዋል። የታካሚ ወንድም፣ እኅትና ልጅ ከሌላው ሰው ይልቅ ለግላኮማ የተጋለጡ ስለሆኑ፣ ከክሊኒኩ ሳይወጡ ልጃቸውን ለመለካት ጠየቅሁት። «እኔ ገና አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ምንም አላመመኝም» እያለ አገጩን ማሽኑ ላይ አስቀመጠ። የቀኝ ዓይኑ 24፣ የግራው 26 ነበር።