ተጨማሪ ቀጥተኛ ዘንግ ምንድን ነው?

በሲኤንሲ (በኮምፒውተር በሚታዘዝ) ማሽን ላይ ኤክስ፣ ዋይና ዜድ የሚባሉትን ዘንጎች፣ ማለትም የእንቅስቃሴ አቅጣጫዎች፣ ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት አንድ ወር የዋለ ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ፣ ላይና ታች። ኤ፣ ቢና ሲ ደግሞ በእነዚሁ ዙሪያ የሚሽከረከሩት ናቸው። ግራ የሚያጋቡት ተጨማሪ ቀጥተኛ ዘንጎች የሚባሉት ዩ፣ ቪና ደብሊው ናቸው። «ከሦስቱ ሌላ አቅጣጫ የት አለና ነው የሚሄዱት?» ይሉኛል ልጆቹ። እውነታቸውን ነው፤ ሌላ አቅጣጫ የለም። ዩ ከኤክስ፣ ቪ ከዋይ፣ ደብሊው ከዜድ ጋር ትይዩ ይሄዳሉ። በአንድ አቅጣጫ ላይ ለየራሳቸው መንቀሳቀስ ያለባቸው ሁለት አካላት ሲኖሩ ሁለተኛው የራሱ ፊደል ይሰጠዋል።

ሁለት ሰዎች ገመድ ወጥረው፣ አንዱ የመንገዱን ግራ ሌላው ቀኙን ይዘው ከደሴ በሐረጎ ጥምዝ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ አስቡ። ኩርባው ላይ የውጪው ብዙ ይራመዳል፣ የውስጡ ጥቂት፤ ግን ኩርባውን እኩል ካልጨረሱ ገመዱ ይጣመማል። ፎም በጋለ ሽቦ የሚቆርጠው ማሽን የሚሠራው ልክ እንዲህ ነው። የሽቦውን አንድ ጫፍ ኤክስና ዋይ ይይዙታል፣ ሌላውን ዩና ቪ። ሁለቱ ጫፎች እኩል ከሄዱ ሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ቅርጽ ይወጣል፤ ከተለያዩ ደግሞ ወደ አንድ ጎን እየቀጠነ የሚሄድ፣ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ያለ ቅርጽ ይገኛል። ኮንትሮለሩ (ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር) ሁለቱንም ጫፍ በአንድ ጊዜ ያስጀምራል፣ በአንድ ጊዜ ያስጨርሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ፎም ያበላሻል። አጭር መንገድ ያለው ጫፍ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ሽቦው በዚያ በኩል ፎሙን አብዝቶ ያቀልጠዋል፤ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ዕቃው ከልኩ ያንሳል። ስለዚህ ለሁለቱ ጎን አንድ ማካካሻ መስጠት (ሽቦው ለሚያቀልጠው ያህል መንገዱን ወደ ውጪ መግፋት) አይበቃም፤ የቀርፋፋው ጎን ይበልጥ መሆን አለበት። መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ቆርጣችሁ ሁለቱንም ጎን ለኩ።

በሽቦና በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብረት የሚቆርጠው ማሽንም ዩና ቪ አለው፤ ዳይ (ብረት ተመትቶ የሚቆረጥበት ቀዳዳ ያለው ቅርጽ ማውጫ) የሚሠራ ሰው ይፈልገዋል። የተቆረጠው ብረት እንዳይነክስና እንዲወድቅ ቀዳዳው ወደ ታች በትንሹ መስፋት አለበት። በብዙዎቹ ማሽኖች ኤክስና ዋይ መቁረጫ መንገዱን ይመራሉ፤ ዩና ቪ ላይኛውን የሽቦ መሪ ከታችኛው አንጻር ብቻ ያዘነብላሉ። በመሪዎቹ መካከል 60 ሚሊ ሜትር ቢኖርና 1 ዲግሪ ብትፈልጉ፣ ላይኛው የሚሸሸው 1.05 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

ደብሊው በትላልቅ አግድም ቦሪንግ (ቀዳዳ ማስፊያ) ማሽኖች ላይ ይገኛል። ስፒንድሉ (መቁረጫውን ይዞ የሚሽከረከረው ክፍል) ወደፊት የሚዘረጋበት ነው ወይም፣ እንደ አምራቹ ስያሜ፣ ጠረጴዛው የሚቀርብበት። ስፒንድል በተዘረጋ ቁጥር ይላላል፤ እኔ ሁልጊዜ የምመክረው ጠረጴዛውን አቅርቦ ስፒንድሉን ለጥልቅ ቀዳዳ ብቻ መዘርጋትን ነው። የመሣሪያው ጫፍ ያለበት ቦታ የሁለቱ ድምር መሆኑን የረሳ ግን ብረቱን ይገጨዋል።

ቶርኖ ላይ ሌላ ነገር አለ። በብዙ የፋኑክ ኩባንያ ኮንትሮለሮች ዩና ደብሊው ዘንግ ሳይሆኑ ኤክስና ዜድ ካሉበት ተነሥተው ስንት እንደሚሄዱ መንገሪያ ናቸው።

አንድ ድልድይ (መቁረጫውን ተሸክሞ በሐዲድ ላይ የሚሄደው የማሽኑ አግዳሚ) በግራና በቀኝ ሁለት ሞተር ስለሚገፋው ብቻም ዩ አይባልም፤ አንድ አካል ነውና አንድ ዘንግ ነው። ሊኑክስሲኤንሲ የተባለው ማሽን የሚያዝ ሶፍትዌር ዘጠኙንም ፊደላት ስለሚቀበል አንዱን ሞተር ዩ ብሎ መሰየም ቀላል ይመስላል። ፕሮግራሙ ኤክስን ብቻ ሲያዝ ግን አንደኛው ጎን ይሄዳል፣ ሌላው ይቆማል፣ ድልድዩም ሐዲዱ ላይ ይቆለፋል።