ድሬዳዋ፦ ባቡሩ ተራራውን ስላልወጣ የተቆረቆረች ከተማ

ድሬዳዋ ባሕር የላትም፤ ጠባይዋ ግን የወደብ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የታለመለት መዳረሻ ሐረር ነበር። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረር ለመግባት ግን የደንገጎን አቀበት ወጥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ማለፍ ግድ ነው። ወጪው ስለከበደ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ፤ አዲሲቱም ከተማ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ባቡሩ አዲስ አበባ የዘለቀው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ሐዲዱ ከድሬ አልፎ እስኪቀጥል ድረስ የመሃል አገሩ ሸቀጥ የሚራገፈው፣ ወደ ግመልና በቅሎ የሚዛወረውም ድሬ ላይ ነበር።

ከዚራ የባቡር ኩባንያው ሰፈር ነው፦ ቀጥ ያለ መንገድ፣ የዛፍ ጥላ፣ ጣቢያውና የባቡር መጠገኛው። መጋላ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው፤ መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ገበያው «ከፊራ» የሚባለው። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ሐረሪ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ይሰማሉ። ገበያ በጠዋት ነው፤ ቀትር ላይ ብዙው ሱቅ ይዘጋል፣ ፀሐይ ሲበርድ ይከፈታል። እንግዳ ስንፍና ይመስለዋል፤ በዚያ ሙቀት ግን ብልሃት ነው።

ሁለቱን ሰፈሮች የሚከፍለው ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ይነግድበታል፣ ለግንባታ አሸዋ ይዝቅበታል። አደጋው ከሰማይ ሁኔታ አለመታወቁ ነው፤ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደንገጎ ላይ የዘነበው ዝናብ በገደሉ ተንደርድሮ ይደርሳል። የተራራው ዛፍ መመናመን ውኃውን የሚይዝለት አሳጥቷል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። በክረምት ወንዙን የሚሻገር ሰው ስለዚህ ወደ ደቡብ፣ ወደ ተራራው ያያል፤ እዚያ ጥቁር ደመና ካለ በድልድዩ መሄድ ነው።

ጎርፍ የሚልከው ተራራ የኖራ ድንጋይም አለው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካው የቆመው በእሱ ነው። የጉድጓዱ ውኃም ከዚያው ኖራ ስለሚቀምስ ሳሙና አረፋ አይሰጥም፣ ቧንቧ ይጠባል፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ቅርፊቱን በቢላ መፋቅ ዕቃውን ይጎዳል፤ ሎሚ ጨምሮ ማፍላት ይሻላል።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 1.435 ሜትር ስፋት ሐዲድ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ከዚራ ያለውን አሮጌ ጣቢያ የሚያስብ ተሳፋሪ ባቡሩ እንዳያመልጠው ለባጃጁ የትኛው ጣቢያ እንደሆነ አስቀድሞ ይንገር።