«ኢንቫሊድ ፒክስል ሳይዝ» ምንድን ነው?

በደብረ ብርሃን ኮድ በሚጽፉ ወጣቶች መካከል አንድ ምክር ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል፦ የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን ኢሞጂ አልሥልም ብሎ «ኢንቫሊድ ፒክስል ሳይዝ» (የማይሆን የፒክስል ልክ) ካለ የፎንት (የፊደል ቅርጾች) ፋይሉ ተበላሽቷልና ደግማችሁ አውርዱት። አንዱ አስተያየት ሰጪማ ጥፋቱን በፊደላችን ላይ አላከከው፤ «አማርኛና ኢሞጂ አብረው ስለማይሄዱ ነው» አለ። ወንድሜ፣ ስህተቱ የወጣው ከየትኛው መስመር እንደሆነ አይተሃል? ፎንቱን በመጠን 32 ከሚከፍተው መስመር ነው። ፕሮግራሙ ገና አንድ ፊደል አልጻፈም፤ አማርኛህንም ኢሞጂህንም አላያቸውም።

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው የአማርኛ ፎንት የፊደሉን ቅርጽ የያዘው በመስመርና በኩርባ ስሌት ነው፤ 12 በሉት 300፣ አስልቶ ይሥለዋል። ፒሎው በተባለው የፓይተን የሥዕል ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) የሚከፈተው የተለመደው የኢሞጂ ፎንት፣ ኖቶ ከለር ኢሞጂ፣ ግን የመንዝ ባና ነው፤ ተሸምኖ ያለቀ። ገበያ ቆማችሁ «ይህንኑ በሕፃን ልክ» ብትሉ ነጋዴው የለኝም ይላችኋል፤ የለኝም ማለቱ ባናው ተቀዷል ማለት አይደለም። በዚህ ፎንት ውስጥ ያለው ልክ አንድ ብቻ ነው፤ 109። ሌላ ቁጥር ስትጠይቁ ለፒሎው ፎንት የሚያነብለት ፍሪታይፕ የሚመልሰው የነጋዴውን መልስ ነው። ፋይሉን ደግሞ ማውረድ ያንኑ ባና ከሌላ ሱቅ መግዛት ነው። ጎትቼ አሰፋዋለሁ የሚልም ድሩን ከማጉ ያላቅቃል፤ የተረፈውን ማጠፍ ግን ማንም ይችላል።

ስለዚህ በ109 ክፈቱ፣ ኢሞጂውን ዳራው ባዶ በሆነ ምስል ላይ ለብቻው ሣሉት፣ አሳንሱና ከጽሑፉ ጎን ለጥፉት። በሥዕል ትእዛዙ ውስጥ «ኤምቤድድ ከለር» (embedded_color) የሚለውን ማብራት አይረሳ፤ አለዚያ የሚወጣው በአንድ ቀለም ብቻ የተሣለ ቅርጽ ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ስህተት ይመጣል። የፎንት መጠን የሥዕሉ ቁመት አይደለም፤ ፊደሉ የሚለካበት ምናባዊ ሳጥን ልክ ነው። በ109 የሚወጣው ሥዕል ራሱ 136 በ128 ፒክስል ነው። መጠኑ 32 ከሆነ ጽሑፍ ጎን የሚቆመው ኢሞጂ እንግዲህ 136ትን በ32 አባዝቶ ለ109 በማካፈል ወርዱ 40፣ ቁመቱም በዚሁ ስሌት 38 ገደማ ይሆናል። 32 በ32 አድርጎ የሚጨፈልቀው ሰው ክቡን ፊት ሞላላ ያደርገዋል፤ ከዚያ ፎንቱን ይወቅሳል።

«ሁልጊዜ 109 ጻፉ» የሚለውም ምክር ለሁሉም ፎንት አይሠራም። የአፕል ኢሞጂ ፎንት የተዘጋጁ ልኮቹ ብዙ ናቸው፤ 20፣ 32፣ 64ና 160 ከእነዚያ ውስጥ ናቸው፤ 109 ግን የለበትም። የኖቶ ኢሞጂም ቢሆን እንደ ፊደል በስሌት የሚሣል አዲስ ዓይነት አለው፤ ያ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። የምትጠቀሙበት ላይብረሪ ያንን ዓይነት ማንበብ የሚችል መሆኑን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።