ዲክሎፌናክና ቤተሰቡ፦ ለመገጣጠሚያና ለጡንቻ ሕመም የሚታዘዙ ማስታገሻዎች

ዲክሎፌናክ እኛ አገር ለወገብ፣ ለጉልበትና ለትከሻ ሕመም በብዛት ከሚታዘዙ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ብዙ ሰው «ዲክሎ» ብሎ ያሳጥረዋል። አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፣ ናፕሮክሰን፣ ሜሎክሲካምና ሴሌኮክሲብም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ሁሉም ሕመም ያስታግሳሉ፣ እብጠትም ይቀንሳሉ። ያለቀ ጉልበት ግን አይመልሱም፣ የተንሸራተተ ዲስክም ወደ ቦታው አይወስዱም። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ስቴሮይድ የሚባሉ ሌላ ወገን ናቸው። ፓራሲታሞልም ከዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ ሕመም ይቀንሳል እንጂ እብጠት ላይ እምብዛም አይሠራም።

የቤተሰቡ ታሪክ የሚጀምረው ከአስፕሪን ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1897 በጀርመኑ ባየር ኩባንያ የሠራው ፌሊክስ ሆፍማን እንደሆነ ይነገራል። የሥራ ባልደረባው አርተር አይሸንግሩን ግን ሥራውን የመራሁት እኔ ነኝ ብሎ ኋላ ላይ ጽፏል፣ ክርክሩም እስካሁን አልተዘጋም። አይቡፕሮፌን በ1969 እንግሊዝ ውስጥ ለገበያ ቀረበ። ዲክሎፌናክን ደግሞ የስዊዙ ሲባ ጋይጊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቮልታረን ብሎ አወጣው።

መድኃኒቶቹ እንዴት እንደሚሠሩ የታወቀው በ1971 ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቬን አስፕሪን ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ንጥረ ነገር እንዳይመረት እንደሚያግድ አሳየ፤ በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ጋር ኖቤል አገኘበት። ከዚህ ግኝት የሚቀጥለው ሁሉ ይመዘዛል። ፕሮስታግላንዲን በታመመ መገጣጠሚያ ውስጥ ሕመም ይቀሰቅሳል። ጨጓራ ውስጥ ግን ግድግዳውን ከአሲድ ይጠብቃል፣ ኩላሊት ውስጥ ደግሞ የደም ሥሮች እንዳይጠቡ ይረዳል። መድኃኒቱ በደም ዞሮ ሁሉም ቦታ ላይ ስለሚቀንሰው፣ «በመርፌ ከተወጋሁ ጨጓራዬን አይነካኝም» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም።

በ1990ዎቹ ፕሮስታግላንዲንን የሚያመርቱት ሁለት ዓይነት ኢንዛይሞች፣ ኮክስ አንድና ኮክስ ሁለት፣ እንደሆኑ ታወቀ። ሁለተኛውን ብቻ ብናግድ ጨጓራው ይተርፋል ተባለ። ሴሌኮክሲብ በ1998 መጨረሻ፣ ቫዮክስ የተባለው ሮፌኮክሲብ በ1999 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኙ። በ2000 የወጣ ትልቅ ጥናት ቫዮክስ ከናፕሮክሰን ያነሰ የጨጓራ ጉዳት እንዳለው፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) አደጋው ግን ከፍ እንደሚል አሳየ። ናፕሮክሰን ልብን ስለሚጠብቅ ነው ልዩነቱ የመጣው ብለው የተከራከሩ ነበሩ። ሌላ ጥናት፣ ያውም መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒን ጋር ያነጻጸረ፣ ክርክሩን ዘጋው፤ አምራቹ ሜርክ ኩባንያ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2004 ቫዮክስን ከዓለም ገበያ ሰበሰበ። በ2007 ለከሳሾች 4.85 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ በኋላ ዓይን ሁሉ ወደ ድሮዎቹ መድኃኒቶች ዞረ። የዲክሎፌናክ የልብ ስጋት ከነሴሌኮክሲብ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ስለተገኘ፣ የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ያለበት ሰው እንዳይወስደው አዘዘ።

እኛ አገር ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የፋርማሲ ትምህርትም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1961 ጀምሮ እየተሰጠ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ሰው ዕቃ ሻጭ አይደለም፤ ስለ መድኃኒት ዓመታት የተማረ ባለሙያ ነውና ጠይቁት።

የዲክሎፌናክ የተለመደ የአዋቂ መጠን 50 ሚሊግራም በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው፤ ጣሪያው በቀን 150 ሚሊግራም። ባለ 100 ሚሊግራሙ ክኒን ቀስ ብሎ እንዲለቀቅ የተሠራ ስለሆነ አይሰበርም፣ አይደቅም። ምግብ በልታችሁ፣ ከበቂ ውኃ ጋር ዋጡት። ጾመኛ ከሆናችሁ ሲታዘዝላችሁ ተናገሩ። እስከ 9 ሰዓት በባዶ ሆድ የሚውል ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ክኒን መዋጥ ጨጓራውን ማስቆጣት ነው፣ ሐኪሙም ሰዓቱን ሊያዛውር ወይም መድኃኒቱን ሊቀይር ይችላል። ድሮ የጨጓራ ቁስለት የነበረባችሁ፣ ወይም ዕድሜያችሁ የገፋ ከሆነ፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል አብሮ ይታዘዝ እንደሆነ ጠይቁ። እኛ ዘንድ በብዛት የሚገኘው የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ኤች ፓይሎሪ፣ ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር ሲደመር ቁስለቱን ያባብሰዋል። አረቄም እንደዚያው።

ትልቁ ጣጣ መደራረብ ነው። ከአሜሪካ የመጣ አድቪል ያለበት ቤት አለ። አድቪል አይቡፕሮፌን ነው፣ አሌቭ ናፕሮክሰን ነው፣ ቮልታረን ዲክሎፌናክ ነው። ጠዋት ከሐኪም የታዘዘውን ዲክሎ፣ ማታ ደግሞ እህት የላከችውን አድቪል የሚወስድ ሰው ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ወሰደ ማለት ነው፤ ሕመሙ በእጥፍ አይቀንስም፣ የመድማት ስጋቱ ግን ይጨምራል። «ዲክሎና ዴክሳ» በአንድ ላይ መወጋትም ጨጓራን የበለጠ ያጋልጣል።

ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው እነዚህን ማስታገሻዎች ሲጨምር ግፊቱ ከፍ ሊል፣ ኩላሊቱም ሊጎዳ ይችላል። በተለይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ይዞት ውኃ ያነሰው ዕለት አደገኛ ነው። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደም ሊፈሰው ይችላል። በኤችአይቪ ሕክምና ውስጥ ያለው ቴኖፎቪርም ኩላሊትን ስለሚነካ፣ ሐኪሙ ሳያውቅ መደረብ የለበትም። የአስም ሕመምተኛም አስቀድሞ ይናገር፣ የአንዳንዱን አስም ይቀሰቅሳሉና። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ያለ ሐኪም ምክር አትንኩት፤ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በ2020 ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ እንዲተው ያሳሰበው የጽንሱን ኩላሊት ስለሚጎዳ ነው።

መርፌው 75 ሚሊግራም ነው፣ ከሁለት ቀን በላይ አይወሰድም። መቀመጫ ላይ ቦታው ከሳተ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጎዳል፤ እግሩን መጎተት የጀመረ ሰው አለ። ስለዚህ ጎረቤት ወይም የመንደር ወጊ አይውጋችሁ።

ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ትውከት ውስጥ ደም ከታየ፣ ደረት ከተጨነቀ፣ አንድ ወገን ከደነዘዘ፣ ፊት ካበጠ ወይም ሽንት ካነሰ፣ መድኃኒቱን አቁሙና በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።

ጉልበት ወይም ጣት ብቻ ለሚያመው ሰው ጄሉ ከክኒኑ ይሻላል፣ ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ነውና። አሜሪካ ውስጥ ቮልታረን ጄል ከ2020 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ቁስል ላይ አይቀባም፣ ከተቀባ በኋላ በሙቅ ጨርቅ አይጠቀለልም፣ እጅም ይታጠባል፤ የሚያመው እጅ ራሱ ከሆነ ግን መታጠቡ አንድ ሰዓት ይቆይ።